ሦስት ፍሬ፣ ሦስት ቀዳዳ

ሚስቴን ያገኘሁት በግማሽ በርሜል አፈር ምክንያት ነው ብል የምታምኑኝ ጥቂቶች ናችሁ። የማታምኑኝ ጎንደር መጥታችሁ በርሜሉን ማየት ትችላላችሁ። አሁንም ግቢያችን ውስጥ፣ ከቧንቧው አጠገብ ተቀምጧል። ሰማያዊ ነው፤ ከግርጌው ዙሪያውን ሦስት ቀዳዳ አለው። የማጫውታችሁ ነገር በሙሉ የእነዚያ ሦስት ቀዳዳዎች ጉዳይ ነው።

ያኔ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ የምኖረው ቀሐ አካባቢ፣ ከወንዙ ብዙ በማይርቅ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነው። አከራዬ እማሆይ ወለተ ኪዳን ይባላሉ። ከመካነ ብርሃን የመጡ፣ ባላቸው ሲሞቱ ቆብ የጫኑ እናት ናቸው። ልጅ ስላልነበራቸው እኔን እንደ ልጅ ያዩኛል። እኔም እወዳቸዋለሁ፤ ነገር ግን በዚያ ዘመን ለሰው ማስረዳት እንጂ ሰው መስማት አይሆንልኝም ነበር። በርበሬ ሲያሰጡ ስለ ፀሐይ ብርሃን አስረዳቸዋለሁ። ዶሯቸው ስትታቀፍ እንቁላሉ ስለሚፈልገው የሙቀት መጠን አስረዳቸዋለሁ። እሳቸው «ይሁን ልጄ፣ ሸጋ ነው» ብለው ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ዶሮዋም ያለ እኔ ምክር ትፈለፍላለች።

በለሷን ያመጣኋት ከባሕር ዳር ነው። ችግኝ የሚያፈላ ሰው እርሳስ የምታክል ቁራጭ ቅርንጫፍ በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ቁልቋሉ ላይ የሚያፈራውን እሾሃም በለስ አይደለም የምላችሁ፤ ቅጠሏ እንደ እጅ ጣት የተከፋፈለውን፣ ዛፏን ነው። የሰው ግቢ ውስጥ ዛፍ መትከል ስለማልችል፣ ቤቱን ስለቅ ይዣት እንድሄድ ብዬ፣ መጀመሪያ በቀለም ቆርቆሮ፣ ቀጥሎ በባልዲ፣ በመጨረሻ ለሁለት በተቆረጠ በርሜል ውስጥ ተከልኋት። ትርፍ ውኃ እንዲወጣ በርሜሉን በጋለ ብረት ሦስት ቦታ በሳሁት። ከታች ጠጠር፣ ከዚያ አሸዋና ፍግ የተቀላቀለበት አፈር፣ ከላይ ደግሞ ፀሐይ እንዳያደርቃት ጭድ አለበስኋት። በአራተኛው ዓመት ሦስት ፍሬ ያዘች። ሦስት ብቻ። በቀን ሁለት ጊዜ እቆጥራቸው ነበር፤ የሚጨምሩ ይመስል።

በዚያው ዓመት ማስተዋልን ለማግባት ሽማግሌ ላክሁ። ማስተዋል መድኃኒት ቤት ውስጥ ትሠራለች፤ አባቷ መሪጌታ ጥበቡ ደግሞ አርባ ዓመት ሙሉ ተማሪ ሲያስተምሩ የኖሩ፣ በቃላቸው የታወቁ ሊቅ ናቸው። አንድ ነገር ከተናገሩ ተናገሩ ነው፤ አይጨምሩበትም፣ አይቀንሱበትም። ሁለቱ ሽማግሌዎች ሲመለሱ ፊታቸው ግራ የገባው ሰው ፊት ነበር።

«ምን አሉ?» አልኳቸው።

«እንዲህ አሉ» አሉኝ ትልቁ ሽማግሌ። «ይህ ልጅ በበርሜል በለስ ያበቅላል ይባላል። እኔ ስለ ዕፀ በለስ አርባ ዓመት አስተምሬ አንድም ቀን ፍሬዋን በዓይኔ አላየኋት። የዛሬ ሁለት ሳምንት፣ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ እመጣለሁ። ፍሬዋን ልያት። ስለ ልጄ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።»

«ቀልደው ነው» አልኩ።

«መሪጌታ አይቀልዱም» አሉ ሁለተኛው ሽማግሌ።

የትዳሬ ጉዳይ በሦስት ፍሬ ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው። ብዙም አልተጨነቅሁም። ፍሬዎቹ እያበጡ፣ አንገታቸውን እየደፉ ነበር፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ እንደሚበስሉ እርግጠኛ ነበርኩ። የምሥራቹን ለእማሆይ ስነግራቸው ግን ፊታቸው ተለወጠ።

«በለስ ናት?» አሉኝ። «እኔኮ እስተዛሬ ዘይቱን መስላኝ።»

«በለስ ናት፣ እማሆይ።»

«ያች፣ አዳምን ያሳተችው?»

«ተክል ናት። ማንንም አታስትም።» ከሾላ ጋር ዘመድ መሆኗን፣ አበባዋ በፍሬዋ ውስጥ ተደብቆ እንደሚያብብ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆሜ አስረዳኋቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ።

«ይሁን ልጄ» አሉ። «ሸጋ ነው» ግን አላሉም። ይህን ያኔ ልብ አላልኩትም።

ጥቅምት ሊያልቅ ነው። ቀጠሮው አራት ቀን ሲቀረው፣ ረቡዕ ከሰዓት ከትምህርት ቤት ስመለስ የበለሷ ቅጠሎች ተልፈስፍሰው አገኘኋቸው። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲያነድድ ስለዋለ ጠምቷታል አልኩ። ጭዱን ነካሁት፤ ደረቅ ነው። አንድ ባልዲ ውኃ አጠጣኋት። የሚገርማችሁ፣ በዚያው ቀን ጠዋት ዘጠነኛ ክፍል ገብቼ ያስተማርሁት ስለ ሥር ነበር። «ሥርም እንደ እኛ አየር ይፈልጋል፤ ውኃ ውስጥ ከተዘፈቀ ይታፈናል» ብዬ ሰሌዳ ላይ በትልቁ ጽፌ፣ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ።

ሐሙስ ሁለት ቅጠል ቢጫ ሆነ። አንዷ ፍሬ መሬት ወድቃ የእማሆይ ዶሮ ትጠቀጥቃታለች። ዶሮዋን እስከ አጥሩ አባረርኋት። ከዚያ ሁለት ባልዲ ውኃ ጨመርሁ። የዚያን ቀን ምሽት ያደረግሁትን ለመናገር አፍራለሁ፤ ግን ከጀመርሁ አይቀር ልናገር። የሰው ዓይን የሚባል ነገር ተክል አያደርቅም ብዬ ስንት ዓመት ያስተማርሁ ሰው፣ ሰው እንዳያየኝ ግራ ቀኙን አይቼ በለሷን በአንሶላዬ ሸፈንኋት።

ዓርብ ሁለተኛዋ ወደቀች። ማስተዋል ደወለች።

«አባዬ ሌላ ወሬ የለውም» አለችኝ። «ለተማሪዎቹ፣ ለጎረቤቱ፣ ለነፍስ አባታችን ሳይቀር ተናግሯል። እሑድ በለስን በዓይኔ አያለሁ እያለ። ደህና ናት አይደል?»

«ደህና ናት» አልኩ።

ዝም አለች። ማስተዋል ዝም ስትል ከመናገሯ ይብሳል።

«እሺ፣ ቅጠሏ ትንሽ ጠውልጓል» አልኩ። «አንዲት ፍሬ ቀርታለች። ውኃ እየሰጠኋት ነው።»

«ውኃ እየሰጠሃት እየባሰባት ነው?»

«አዎ።»

«ታዲያ ሥሯን አይተኸዋል?»

«ማስተዋል፣ ባዮሎጂ የማስተምረው እኔ ነኝ።»

«እሱማ ነህ» ብላ ስልኩን ዘጋች።

ስልኩን እንደያዝሁ ቀረሁ። እንዲህ በቀላሉ ልጅቷን ላጣት ነው ብዬ ፈራሁ። መሪጌታን አውቃቸዋለሁ፤ ፍሬ ካላዩ «ነገሩ አልተፈቀደም» ይላሉ፤ አንዴ ካሉ ደግሞ ጳጳስ ቢለምናቸው አይመልሱትም። እውነቱን ለመናገር ያን ሌሊት አልቅሻለሁ፤ ባዮሎጂ መምህር ብሆንም።

ቅዳሜ ጠዋት ከፀሐዩ ላርቃት ብዬ በርሜሉን ወደ ግድግዳው ጥላ ለመግፋት ተነሣሁ። በየወሩ ብቻዬን የማዞረው በርሜል ነው። ገፋሁት፤ ወይ ፍንክች። በትከሻዬ ገፋሁት፤ ውስጡ ተንቦጫረቀ። ጎንበስ ብዬ አንደኛውን ቀዳዳ ስፈልግ ቀዳዳ የለም። በቦታው ላይ ቢጫ፣ ለስላሳ፣ የተድቦለቦለ ነገር አለ። አሸተትሁት፤ ቤተ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን ይሸታል። የጧፍ ሰም ነው። ሁለተኛውም እንደዚያው፣ ሦስተኛውም እንደዚያው።

በዚህ መሐል የግቢው በር ተከፈተና እማሆይ አምስት ሊትር የምትይዘውን ቢጫ ጀሪካን አንጠልጥለው፣ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው እየጸለዩ ገቡ። በቀጥታ ወደ በለሷ መጡ። በዚያ ሰዓት እኔ ወይ ትምህርት ቤት ወይ እንቅልፍ ላይ ስለምሆን ከበርሜሉ ኋላ ብቅ ስል ደነገጡ።

«ምነው፣ ዛሬ ትምርት የለም?»

«ቅዳሜ ነው፣ እማሆይ። ይህ ምንድን ነው?» ሰሙን አሳየኋቸው።

እማሆይ ውሸት አያውቁም። ጀሪካኑን አስቀመጡ።

«ጠበል ነው የማጠጣት» አሉ። «ሽማግሌዎቹ ከመጡ ማግስት ጀምሬ። አዳም ከገነት የወጣባት ዛፍ አጠገብ ተሁኖ ሙሽርነት ይጀመራል? ልጄ እንዳይሰናከልብኝ ብዬ ነው። በየቀኑ ከኪዳን መልስ አንድ አንድ ጀሪካን።»

«እሺ፣ ቀዳዳውን ለምን ደፈኑት?»

እንደ ሞኝ አዩኝ። «ጠበሉ በታች ወጥቶ መሬት ሊፈስ? ሰው ሊረግጠው? ዶሮ ሊመላለስበት? ጠበል አይረገጥ፣ አታውቅም?»

አውቃለሁ። ጎንደር ያደገ ሰው ይህን የማያውቅ የለም። አሥራ ሁለት ቀን፣ በቀን አምስት ሊትር ጠበል ከላይ ይገባል፤ ከታች ጠብታ አይወጣም። እኔ ደግሞ ደረቁን ጭድ እያየሁ በላዩ ላይ ባልዲ ባልዲ እጨምርበታለሁ። ጣቴን ከጭዱ በታች አንድ ጊዜ ብከት ኖሮ ረቡዕ ዕለት ይገባኝ ነበር።

ንዴቴ ናላዬ ላይ ወጣ። አንደኛውን ሰም መንግዬ ጣልሁት። ውኃው ተፈትልኮ ወጣ፤ ጥቁር፣ የሚሸት ውኃ።

«ኧረ ይረገጣል!» ብለው እማሆይ የልብስ ማጠቢያውን ሳፋ ከሥሩ ሲደቅኑ፣ እኔም ሳላስበው ሳፋውን ያዝሁላቸው። ወዲያው ሁለተኛው ሰም ግፊቱን አልቻለምና በራሱ ፈነጠረ። እማሆይ ሮጠው ባልዲ ደቀኑ። ሦስተኛው ሰም ቀስ እያለ ወደ ውጭ መውጣት ጀመረ። ሌላ ዕቃ የለም። አንድ እጄን ከሳፋው ላይ ሳላነሣ ተንጠራርቼ አውራ ጣቴን ቀዳዳው ላይ ወተፍሁ። እማሆይ ባልዲው ሲሞላ ወደ ጓሮ ወስደው፣ የሰው እግር ወደማይደርስበት ወደ ግራዋው ሥር ይደፉታል፤ ተመልሰው የኔን ሳፋ ያነሣሉ። እኔ ሁለት ጉልበቴ ጭቃ ውስጥ ነው፤ ፊቴ በርሜሉ ላይ ተለጥፏል። እንዲህ እንዳለን በሩ ተንኳኳ።

«ቤቶች» የሚል ወፍራም ድምፅ ሰማሁ። «እሑድ አይከል ለተዝካር ተጠርቼ ዛሬ መጣሁ።»

መሪጌታ ጥበቡ ናቸው። ነጭ ጥምጣም፣ ነጭ ጋቢ፣ መቋሚያ። ከኋላቸው ማስተዋል። እኔ የለበስሁት የእንቅልፍ ቁምጣዬን ነው።

«የኔታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ። «መነሣት አልችልም።»

«ምነው፣ አመመህ?»

«አይ። አውራ ጣቴ ቀዳዳ ውስጥ ነው። ካወጣሁት ጠበል ይፈሳል።»

መሪጌታ በርሜሉን አዩ፤ እኔን አዩ፤ ባልዲ ተሸክመው የሚሮጡትን እማሆይን አዩ። አልሳቁም፣ አልተቆጡም። መቋሚያቸውን ግድግዳ አስደገፉ፤ ጋቢያቸውን አጥፈው ለልጃቸው ሰጡ፤ የእጀ ጠባባቸውን እጅጌ ሰበሰቡ።

«ማስተዋል፣ ከዚያ ቤት ጎድጓዳ ነገር ፈልጊልኝ።»

ሽሮ የምሠራበትን ድስቴን ይዛ መጣች። መሪጌታ ከጎኔ ተንበረከኩ። «በል ጣትህን አውጣ» አሉኝ። አወጣሁ። እንዲህ ሆነን፣ እሳቸው በድስት፣ እኔ በሳፋ፣ እማሆይ በባልዲ፣ ማስተዋል እያመላለሰች፣ አንዲት ጠብታ ሳትረገጥ በርሜሉን አንጠፈጠፍነው። ሥራው አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ።

መጨረሻ ላይ መሪጌታ እጃቸውን እያራገፉ ተነሡ።

«ለመሆኑ ይህን በርሜል የደፈነው ማን ነው?»

እማሆይ ጀሪካኑን ከኋላቸው ሲደብቁ አየሁ። ከአንድ ሰዓት በፊት ልጮህባቸው የነበርሁት ሰውዬ የት እንደሄደ አላውቅም። ለሁለት ሳምንት በየማለዳው ያን ጀሪካን የተሸከሙት ለእኔ ብለው ነው።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩ። «ውኃ ያበዛሁባት እኔ ነኝ። ሳላይ፣ ሳልጠይቅ።»

«ኧረ የኔ ነው» አሉ እማሆይ። «ሰሙን የወተፍሁ እኔ። ምን ያለ ነገር ነው፣ ሰው ያላጠፋውን ይወስዳል?»

«እማሆይ፣ ሦስት ባልዲ የጨመርሁ እኔ ነኝ።»

«አሥራ ሁለት ጀሪካን የጨመርሁ እኔ ነኝ አልሁህ እኮ።»

መሪጌታ እጃቸውን አነሡ።

«አዳም በሔዋን አመካኘ» አሉ። «ሔዋን በእባብ አመካኘች። አርባ ዓመት ያስተማርሁት ይህንኑ ነው። በበለስ የተነሣ ጥፋት ሲሻሙ የሰማሁ ግን ዛሬ ነው።» ወደ በርሜሉ ዞሩ። «አሁን ትድናለች?»

በለሷን በጥንቃቄ ከበርሜሉ አወጣናት። ማስተዋል ሥሩን በጣቷ እያገላበጠች አየች። ግማሹ ጠቁሮ ቦክቷል፤ ግማሹ ነጭ ነው። ቦርሳዋን ከፍታ አዲስ ምላጭ አውጥታ ሰጠችኝ። «ነግሬህ ነበር» ልትል እንደሆነ ከዓይኗ አውቄያለሁ፤ ግን አላለችም። እስከ ዛሬም አላለችም፤ በየሳምንቱ ግን በዓይኗ ታየኛለች።

የበሰበሰውን ሥር ቆርጬ ጨረስሁ። ቅርንጫፎቿንም አሳጠርሁ። ከዚያ እጄ ቆመ። ሦስተኛዋ ፍሬ አሁንም እላይዋ ላይ ናት። ግማሽ ጎኗ ብቻ ወይን ጠጅ ሆኗል። ጥሬ ናት፤ ለመብሰል ቢያንስ ሳምንት ይቀራታል፤ በግማሽ ሥር ደግሞ ፍሬ የተሸከመች ዛፍ አትተርፍም። ፍሬዋን ብተዋት፣ ከሳምንት በኋላ ምናልባት ትበስል ነበር። ዛፏ ግን ትሞታለች።

«የኔታ» አልኩ። «ይህችን ፍሬ ካልቆረጥኋት ዛፏ አትድንም።»

«ሌላ ፍሬ አላት?»

«የላትም። የዛሬ ዓመት ካልሆነ።»

«ዛፉ ያንተ ነው» አሉኝ። ማስተዋል ወደ መሬት አየች።

ቆረጥኋት። ከአንገቷ ነጭ ወተት ወጣ። በሁለት እጄ ለመሪጌታ ሰጠኋቸው። እሳቸው ፍሬዋን አገላበጡ፤ አሸተቱ፤ ወደ ፀሐይ አንሥተው አዩ፤ ወተቱን በጣታቸው ነክተው ሲያጣብቃቸው ትንሽ ገረማቸው። እማሆይ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ለእኔ ያች ደቂቃ ከአርባ ዓመቱ ትምህርት ትረዝም ነበር።

«ሽማግሌዎቹ ምን አለ አሉህ?» አሉኝ በመጨረሻ።

«ፍሬዋን ልያት አሉ፣ አሉኝ።»

«ልብላት ብያለሁ?»

«ኧረ አላሉም።»

«እንግዲያው አየኋት።» ጋቢያቸውን ተቀብለው ፍሬዋን በጫፉ ቋጠሯት፤ መቋሚያቸውን አነሡ። «ሰኞ ከአይከል እመለሳለሁ። ሽማግሌዎችህ ማክሰኞ ይምጡ። እማሆይንም ጨምርልኝ፤ እሳቸው ያንተ ወገን ናቸው።»

በጥር ተጋባን። እማሆይ በሠርጉ ዕለት በእናቴ ቦታ ተቀመጡ። በለሷ ደግሞ ከሁለት ወር በላይ እንጨት መስላ ከቆየች በኋላ፣ ሙሽርነታችን ሳያልቅ አውራ ጣት የምታክል አረንጓዴ ቅጠል አወጣች። የቅርንጫፎቿን ቁራጭ ለጎረቤት አድያለሁ፤ ቀሐ ውስጥ በየግቢው በቀለም ቆርቆሮና በአሮጌ ባልዲ በለስ ብታዩ የዚያች ልጆች ናቸው። ለወሰደ ሁሉ የምነግረው ቀዳዳውን እንዲጠብቅ ነው።

እናንተ የምታነቡኝ ሰዎች፣ በዕቃ ውስጥ በለስ መትከል ካማራችሁ ምክሬ አጭር ነው፤ ከማጠጣታችሁ በፊት ጣታችሁን ወደ አፈሩ ክተቱ። እርጥብ ከሆነ ተዉት። እኔ ግን ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ይህን የማደርገው ለበለስ ብቻ አይደለም። አንድ ሰው ጠውልጎ ሳይ፣ ተማሪም ይሁን ሚስቴ፣ የማውቀውን ከማፍሰሴ በፊት ውስጡ ምን እንዳለ እጠይቃለሁ። ሁልጊዜ አይሳካልኝም፤ ማስተዋልን ብትጠይቋት ቁጥሩን ትነግራችኋለች። ከእማሆይ ጋር ግን ተስማምተናል። ጠበሉን ያመጣሉ፤ አሁን ግን በጣታቸው ቅጠሏ ላይ ይረጫሉ እንጂ አያጠጧትም። እኔም ስለ ዶሮ አላስረዳቸውም።

በቀጣዩ ዓመት በለሷ አሥራ አንድ ፍሬ ያዘች። በኩራቱን እማሆይ በሰሐን አድርገው ለቤተ ክርስቲያን ወሰዱ። ከዚያ መሪጌታን ጠራን። ወንበር ከበርሜሉ አጠገብ አደረግንላቸው፤ ማስተዋል ለስልሳ የተሰነጠቀችውን፣ ማሯ ጫፏ ላይ የተንጠለጠለባትን መርጣ ሰጠቻቸው። መሪጌታ አማትበው ጎረሱ። ዓይናቸውን ጨፍነው ረጅም ጊዜ አላመጡ። እማሆይ፣ ማስተዋልና እኔ አፋቸውን እያየን ትንፋሻችንን ያዝን።

ዋጡ። ዓይናቸውን ገለጡ።

«ለዚች ኖሯል ገነትን ያህል ቦታ የለቀቅነው?» አሉ።

እማሆይ ደንግጠው አማተቡ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። መሪጌታ ጣታቸውን ላሱ፤ ትንሽ አሰቡ፤ ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ።

«እስቲ አንድ ድገሚኝ» አሏት።